ጧሪ፣ ምስክርና የጣት አሻራ፤ የአረጋውያን ንብረት ጥበቃ አጭር ታሪክ ከጉለሌ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለድረ ገጽ ሲዘጋጅ በጥቂቱ ታርሟል።)



ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። በስተግራው የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች መንደር አለ፤ ከፊቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የሸማኔዎች ሱቅ ይታየዋል። ጉለሌ በብዙ አረጋውያን እጅ የተሠራ ሰፈር ነው፤ ፈትል የፈተሉ፣ ጭራሮ የተሸከሙ፣ ሸክላ የጠፈጠፉ፣ በጦር ሠራዊትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ሰዎች ዛሬ እዚያው ያረጃሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በእጃቸው የቀረ ንብረት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚኖሩበት ቤት ነው። የዛሬው ንግግሬ ያ ቤት ከእጃቸው ስለሚወጣበት መንገድና ይህ እንዳይሆን ሕጋችንና ልማዳችን በየዘመኑ ስላበጁት አጥር ነው።

ነገሩን ከአንድ ቃል ልጀምር። ዛሬ ‹ጡረታ› ስንል በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ይታሰበናል። ቃሉ ግን ከደመወዝ መዝገብ የተወለደ አይደለም። ‹ጦረ› ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ መጦር ማለት አቅም የደከመውን ሰው ማብላት፣ ማልበስ፣ ማስታመም ነው። በአማርኛ ‹ጧሪ› ብቻውን እምብዛም አይቆምም፤ ‹ጧሪ ቀባሪ› ነው የሚባለው። ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ ‹ጧሪ ቀባሪ የለኝም› ሲሉ ድህነታቸውን ብቻ አይደለም የሚናገሩት፤ በሕይወትም በሞትም የሚቆምላቸው ሰው ማጣታቸውን ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ያልተጻፈ ውል አለ፤ አንተ ጡረኝ፣ ቅበረኝ፤ እኔ ያለኝን አወርስሃለሁ የሚል።

ታሪካችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ የሚያነሳውም እዚህ ላይ ነው። አረጋዊውን ከሌባና ከወንበዴ ለመጠበቅ ጎረቤት፣ ዘበኛና ፖሊስ አሉ። አረጋዊውን ከጧሪው ማን ይጠብቀዋል? የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ሰዎች አንዱ በመኖሪያ አካባቢው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የሆነ ዓይነት በደል ደርሶበታል። በዳዩ ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ሰው አይደለም፤ አረጋዊው የሚያምነው፣ አብሮት የሚበላ ሰው ነው።

በወንጌል ኅዳግ ላይ

በጎንደር ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ ወይም በኑዛዜ ሲተላለፍ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ ጥናት እነዚህን ማስታወሻዎች በስፋት ተጠቅመውባቸዋል። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ቅርጻቸው ግን የተደጋገመ ነው። ሻጩና ገዢው ይጠቀሳሉ፤ መሬቱ ይጠራል፤ ዋጋው ይነገራል። ቀጥሎ የዋሶችና የእማኞች ስም ይደረደራል። በመጨረሻም ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይዘጋዋል። ሴቶችም በሻጭነት፣ በገዢነትና በአውራሽነት በእነዚህ ጽሑፎች ይገኛሉ።

የእኛን ጥያቄ በሚመለከት ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ሥርዓት የሰነዱ ኃይል ከወረቀቱ አይመነጭም፤ ከአደባባዩ ነው የሚመነጨው። ጽሑፉ የብዙ ሰው ትዝታ ማስታወሻ ነው። እማኞቹ ሰጪዋን ያውቋታል፤ ባሏን ቀብረዋል፣ ልጆቿን ክርስትና አንስተዋል፣ መሬቷን ድንበርተኛ ሆነው ያርሳሉ። አእምሮዋ መድከሙን ወይም አለመድከሙን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልጋቸውም። መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን ስለሚቀመጥ የጧሪው ብቻ ምሥጢር ሊሆን አይችልም። ግዝቱ ደግሞ ዳኛ በማይደርስበት ቦታ የሚደርስ ቅጣት ነው።

ከግብጽ ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት የ13ኛው ክፍለ ዘመን የዐረብኛ ድርሳን ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜ ሰፊ አንቀጽ አለው፤ ተናዛዡ አእምሮው የተስተካከለ እንዲሆን ይጠይቃል። በልማድ ግን አብዛኛው ኑዛዜ በቃል ነበር፤ የንስሐ አባትና ጥቂት ጎረቤቶች በአልጋው ዙሪያ ቆመው ይሰሙታል።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። አደባባዩ የራሱ ኃያላን ነበሩት። ‹ልጅ› ተብሎ መውረስ ለጧሪ ዋጋ መክፈያ እንደ ሆነ ሁሉ ለባለሥልጣንም መሬት ማግኛ መንገድ ሆኖ ማገልገሉን የዘመኑን ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንት ያነሳሉ። ባልቴት ጌታን ‹ልጄ ነህ› ስትለው በፈቃዷ ይሁን በፍርሃት፣ ኅዳጉ አይነግረንም። ምስክሮቹ ራሳቸው የጌታው ጭፍራ ከሆኑ አደባባዩ ጥበቃ መሆኑ ይቀራል። የሆነ ሆኖ መርሑ ግልጽ ነበር፤ ደካማውን የሚጠብቀው ይፋነት ነው።

ከተማ፣ ወረቀትና ዕድር

ከጎንደር ኅዳግ ወደ ጉለሌ ስንመጣ መሬት ሌላ መልክ ይይዛል። ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከከተማዋ ምሥረታ በፊት በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ ወደ ታች ካወረዱ በኋላ መሬቱ ለመኳንንት፣ ለሠራዊት፣ ለቤተ ክህነትና ለባለሙያዎች ተደለደለ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ መሠረት ቦታ የሚለካ፣ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበትና የሚሸጥ ንብረት ሆነ። ርስት በዘር ይቆጠር ነበር፤ የከተማ ቦታ ግን በወረቀት ተያዘ። ወረቀት ደግሞ ከአደባባይ ይልቅ ለሣጥን ይመቻል።

ከዚህ ጋር አንድ አዲስ የሰው ዓይነት ወደ ታሪካችን ገባ፤ ከትውልድ ቀዬው ርቆ በከተማ የሚያረጅ ሰው ማለቴ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶችም በሙያቸው ምክንያት ለዘመናት ሲናቁ፣ ‹ቡዳ› ሲባሉ የኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ርስት የሌለው፣ ዘመዱም ሩቅ የሆነ ሰው ጧሪ ቀባሪ ከየት ያገኛል? የከተማው መልስ ዕድር ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ‹ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር› በተባለው መጽሔት ስለ ራስ አገዝ ማኅበራት ሲጽፉ ዕድርና ዕቁብ የአዲስ አበባ ኑሮ ምሰሶ ሆነው ነበር። ዕድር ‹ቀባሪ›ን ከዘመድ እጅ አውጥቶ ለጎረቤት ሰጠው። ‹ጧሪ›ነቱ ግን በቤት ውስጥ ቀረ። ይህ ክፍተት እስከ ዛሬ አልተደፈነም።

መንግሥትም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን የጡረታ ሕግ አወጣ። በግል ድርጅት ለሚሠራው ሰው ተመሳሳይ መብት የመጣው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ፈታይዋ፣ ሸክላ ሠሪዋና እንጨት ተሸካሚዋ በሁለቱም ውስጥ የሉም። የእነሱ ጡረታ ቤታቸው ነው።

የ1952 ዓ.ም. ሕግና ሁለቱ አጥሮቹ

ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የሕግ ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ ለፈተና ታነቡታላችሁ፤ ዛሬ በአረጋዊ ዓይን እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው አጥር ያለው በአንቀጽ 1710 ነው። ውል ለአንደኛው ወገን ይበልጥ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል ሕጉ። ነገር ግን የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የአእምሮውን ቀላልነት፣ በእርጅና መጃጀቱን ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ፣ ፍትሕ ሲጠይቅ ዳኛው ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። እርጅና እንደ መጠቃት ምክንያት በሕጋችን በግልጽ ተጠቅሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው አጥር የጣት አሻራን ይመለከታል። በአንቀጽ 1728 መሠረት የዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማም ሆነ የጣት ምልክት፣ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በስተቀር ሰውዬውን አያስገድደውም። በአንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ ይኖርበታል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞታል። ቤትን በስጦታ መስጠት ከሽያጭም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት መደረግ አለበት። ይኸውም ጽሑፉ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡ በራሱ በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ሁለት ይበቃሉ።

‹ይነበባል› የሚለውን ቃል አስምሩበት። አርቃቂው ከአውሮፓ ያመጡት ሥርዓት ቢሆንም የጎንደርን አደባባይ ያስታውሰኛል። ሕጉ የፈለገው አራት ፊርማ ብቻ አይደለም፤ አራት ጆሮ የሰማ ሰው ነው።

ሁለቱም አጥሮች ግን ቀዳዳ አላቸው። በአንቀጽ 1710 የተመለከተው ውል እንዲፈርስ የሚቀርበው ክስ ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አረጋዊቷ መታለሏን የምታውቅበት ቀን አይቆጠርም። ጧሪው ሁለት ዓመት በትዕግሥት ከጦረ ቀነ ገደቡ ያልፋል። ምስክሮቹ ደግሞ ያልሰሙትን ሰማን ብለው ሊፈርሙ ይችላሉ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከ1967 ዓ.ም. እስከ ውክልና ዘመን

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለአረጋውያን ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። ኪራይ እየሰበሰቡ ይጦሩ የነበሩ ባልቴቶች ጡረታቸውን በአንድ ቀን አጡ። በሌላ በኩል ቀድሞ በጭሰኝነት ይኖሩ የነበሩ ደሆች ቀበሌ በሚያስተዳድረው ቤት በዝቅተኛ ኪራይ የመኖር ዋስትና አገኙ። የመሬት ገበያ ሲቆም ቤትን በማታለል መንጠቅ የሚያስገኘው ትርፍም ቀነሰ። ቢሆንም በደሉ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በቀበሌ ቤት የመቆየት ተስፋ በቤተሰብ ቅጽ ላይ ከመመዝገብ ጋር ሲያያዝ፣ ‹እኔ ልጡርዎት፤ ብቻ ከቅጹ ላይ ያስገቡኝ› የሚል ዘመድ ብቅ አለ።

ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ቦታ በሊዝ ሲተላለፍና የከተማው መሬት ዋጋ እየናረ ሲሄድ የጉለሌ ጭቃ ቤት ከነባለቤቷ ሕይወት በላይ ዋጋ ያለው ንብረት ሆነ። ቤቱ አርጅቷል፤ ቦታው ግን ወርቅ ነው። ልጆች ውጭ አገር ናቸው፤ ገንዘብ ይልካሉ እንጂ እጅ አይታጠቡላትም። በዚህ መካከል የቆመው አዲሱ መሣሪያ ውክልና ነው። በሕጉ አንቀጽ 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይበቃል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ነገር ግን በተግባር የምናያቸው ብዙ ወረቀቶች ‹ውኃና መብራት እንዲከፍል› ብለው ጀምረው ‹እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ› ብለው ያበቃሉ። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሥራ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 334፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 922 መልክ ይዟል። አረጋጋጩ ሰውየው መታወቂያው ላይ ያለው ሰው መሆኑን ለማየት ይችላል። አብሮት የመጣው ሰው ማታ ቤት ውስጥ ምን እንዳለው ግን በምን ያውቃል?

ዛሬ ደግሞ የጣት አሻራን ቦታ የምሥጢር ቁጥር እየወሰደ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአረጋዊው ገንዘብ በስልኩ ውስጥ ይገባል፤ ስልኩን ግን ብዙ ጊዜ የሚነካካው የልጅ ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። ‹ዕጣ ደርሶዎታል፤ የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩን› የሚለው የስልክ ድምፅ ይህን ያውቃል። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 692 አታላይነት ያስቀጣል። ቅጣቱ ግን ገንዘቡ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ነው።

ያልተነበበው ጽሑፍ

እስካሁን እንደ ታሪክ መምህር ተናገርሁ። አሁን እንደ ምስክር ልናገር፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ ንግግሬ ሐቀኛ አይሆንም።

አክስቴ ከሽሮ ሜዳ በላይ ትኖር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለሸማኔዎች ጥጥ ፈትላ በሠራችው ቤት ነው ያረጀችው። ልጅ አልነበራትም። አንድ የሩቅ ሥጋ ዘመዳችን ከክፍለ ሀገር መጥቶ አብሯት ተቀመጠ። ‹እማማ› ይላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጧሪ ነበር፤ ሐኪም ቤት ያመላልሳታል፣ እግሯን ያጥባታል፣ ቅዳሴ ይወስዳታል። እኛ የተማርነው የወንድምና የእህት ልጆች በበዓል ብቻ ነበር የምንሄደው። ከአሥር ዓመታት በፊት አንድ እሑድ ‹ለቤቱ ጉዳይ ምስክር ስለሚያስፈልግ ና› ተባልሁና ሄድሁ። አራት ሆነን ተቀመጥን። ቡና ተፈላ። ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ ‹በምስክሮች ፊት ተነብቦ› የሚል ሐረግ ነበረው። አልተነበበም። ሁላችንም ተራ በተራ ፈረምን፤ አክስቴ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። በዚያ ሳምንት ዶክትሬቴን ከያዝሁ ዓመታት አልፈውኝ ነበር። የማስተምረውም የቆዩ የመሬት ሰነዶችን አነባበብ ነበር።

ጥቂት ቆይቶም ወደሚመለከተው ቢሮ ተወሰደች። ‹እማማ፣ ወደው ነው የሚሰጡት?› ብለው ጠየቋት። ‹አዎ፣ ልጄ ነው› አለች። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ምን እየሰጠች እንደ ነበር በኋላ ስጠይቃት ‹ስሞት እንዳይንገላታ ብዬ ነው› አለችኝ። የምትሰጠው ከሞተች በኋላ የሚጸና ኑዛዜ መስሏት ነበር። የታተመው ግን ወዲያው የሚጸና ስጦታ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ገዢ መጥቶ ግቢውን ለካ። አክስቴ በኪራይ ወደ ተያዘ አንድ ክፍል ተዛወረች። የጠየቅሁት ጠበቃ በእርጅናዋ ተጠቅመውባታል የሚለው ክስ ጊዜው እንዳለፈበት ነገረኝ። የቀረው መንገድ ጽሑፉ በምስክሮች ፊት አልተነበበም ብሎ መከራከር ነው። ይህን የሚያስረዳው ደግሞ ከፈረሙት አንዱ ፍርድ ቤት ቆሞ ‹የፈረምሁት ውሸት ነው› ሲል ነበር። ‹እሺ› ለማለት ሰባት ወር ፈጀብኝ። ኀፍረት ያዘኝ። ተማሪዎቼ ይሰማሉ አልሁ። በመጨረሻ ለአክስቴ ልመሰክር መሆኑን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና ‹አንተም እዚያው ነበርህ አይደል?› አለችኝ። ቀጥላም ‹ጧሪዬን ከስሼ ማን ይቅበረኝ?› አለች።

አልተከሰሰም። ስትሞት የቀበራት እሱ ነው፤ ተዝካሯንም አውጥቷል። የሰፈሩ የዕድር ዳኛ በለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ‹ያን ዕለት እኛን ምነው ሳትጠሩን ቀራችሁ?› ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያ ግቢ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ የሚያውቋት ሰዎች በአጥሩ ማዶ ነበሩ። እኛ ግን ከሩቅ ተሰባስበን በር ዘግተን ፈረምን።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ዘመድ ሁሉ ሌባ ነው የሚል አይደለም። ጧሪነት ክቡር ሥራ ነው፤ ዋጋ ሊከፈለውም ይገባል። ፈረንሳዮች ቤትን ለዕድሜ ልክ ክፍያ የመሸጥ የቆየ ልማድ አላቸው። 122 ዓመት የኖረችው ዣን ካልማን ቤቷን በ1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚህ መንገድ ለአንድ የሕግ ሰው ሸጣ ነበር፤ እሱ ለ30 ዓመታት ያህል ሲከፍል ኖሮ ከእሷ ቀድሞ ሞተ። ሰዎች በዚህ ይስቃሉ። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። በዚያ ውል የጧሪው ግዴታ በወር ተቆጥሮ ተጽፏል፤ አሮጊቷም እስክትሞት በቤቷ የመኖር መብቷ ተጠብቆላት ነበር። የእኛ ውል ግን ቤቱን ይጽፋል፤ መጦሩን አይጽፍም።

ሕግ አውጪ አይደለሁም። ከታሪኩ ተነስቼ አራት ነገሮችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ይፋነት ይመለስ። አረጋዊ ቤቱን ሲሰጥ ወይም ለመሸጥ ውክልና ሲሰጥ የሚያውቁት ጎረቤቶች ወይም ዕድሩ እንዲያውቁ ቢደረግ፣ በወንጌል ኅዳግ የነበረው ጥበቃ በዘመናዊ መልክ ይመለሳል። በተለይ የጉለሌ ነባር መንደሮች ሲፈርሱና ነዋሪዎቻቸው በየአቅጣጫው ሲበተኑ፣ የሚያውቅ ምስክር ከቦታው ጋር አብሮ እየጠፋ መሆኑን ልንገነዘብ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አረጋዊው ብቻውን ይጠየቅ። በእንግሊዝና በዌልስ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው የአእምሮ ችሎታ ሕግ መሠረት፣ ለሚደክምበት ጊዜ ውክልና የሚሰጥ ሰው የሚያደርገውን እንደሚረዳና ማንም እንዳልተጫነው ከጉዳዩ ነጻ የሆነ ሰው ማረጋገጥ አለበት። ለእኛ ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ አምስት ደቂቃ፣ የተዘጋ በር፣ ‹ነገ የት ነው የሚያድሩት?› የሚል አንድ ቀላል ጥያቄ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የሁለቱ ዓመት ቀነ ገደብ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን ተጎጂው ካወቀበት ቀን እንዲቆጠር ሕግ አውጪው ቢመረምረው ተገቢ ነው። በተሳሳተ ወይም በተታለለ ሰው ጉዳይ ሕጉ ጊዜውን የሚቆጥረው የፈቃዱ ጉድለት ከተወገደ በኋላ ነው። ለጃጀው ሰው ከዚህ ያነሰ ምሕረት የሚደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

አራተኛ፣ መጦር እንደ ሌላ ግዴታ ይጻፍ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮልም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጸድቋል። በቤት ውስጥ ያለው ውል ግን አሁንም በቃል ነው። ሰጪዋ እስክትሞት በቤቷ የመኖር መብቷ በጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቢሰፍር አክስቴ በኪራይ ቤት ባልሞተች ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ እነዚህ ለውጦች እስኪመጡ ድረስ በእጃችሁ ያለ አንድ ነገር አለ። በሚቀጥሉት ዓመታት ብዙዎቻችሁ ‹የተማረ ነው› ተብላችሁ ለምስክርነት ትጠራላችሁ። ቡናው ይፈላል፣ ወረቀቱ ይዘረጋል፣ ‹እዚህ ጋ ብቻ› ትባላላችሁ። ያን ጊዜ ‹አንዴ ላንብበው› በሉ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡት፤ ከዚያም አረጋዊቷን የሰማችውን በራሷ አነጋገር እንድትነግራችሁ ጠይቋት። ቤተሰቡ ሊቀየማችሁ ይችላል። ይቀየም። እኔ ሳላነብ ፈርሜ ማንም አልተቀየመኝም ነበር።